ስለ ቈርቈሮ ጣራና ስለ በጋ ሙቀት

ሰው ቤቱን የሚሠራው በሚፈራው ነገር ልክ ነው። ሙቀት የበረታበት የቈላ ሕዝብ ነፋስ እንደ ልቡ የሚመላለስበትን ቤት ሲሠራ፥ ብርድና ዝናም የበረታበት የደጋ ሕዝብ ግን ደጃፉ ጠባብ፥ ግድግዳው የተመረገ፥ መስኮቱ ያነሰ ወይም ጨርሶ የሌለው ቤት ይሠራል። የጎጃም ቤት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናም፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊትም የሚጸናውን ቍር ለመከላከል ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሠሪዎቹ ስለ በጋ ቀትር እምብዛም አልተጨነቁም። ያልተጨነቁበትም ምክንያት ነበራቸው፤ ከራሳቸው በላይ ያለው የሣር ክዳን ሳይታዘዝ ያን ሥራ ይሠራላቸው ነበርና። ዛሬ ክዳኑ ተለውጧል፤ ከክዳኑ በታች ያለው ቤት ግን የቀድሞው ነው። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማንኩሳ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ምክንያት፥ አይተዋት በማያውቁ አንባቢዎች ዘንድ እንኳ ስሟ የተሰማ ነው። አገሩ ወይና ደጋ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል፥ ቡሬም 2100 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ። በቆሎና ዳጉሳ፥ ጤፍና በርበሬ የሚበቅልበት፥ አየሩም የተመሰገነ አገር ስለ ሆነ፥ እንዲህ ባለ ስፍራ ስለ ሙቀት መናገር ለአንዳንድ ሰው ቅብጠት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፥ ይልቁንም ፀሓይ በቀትር ከአናት በላይ በምትቆምበት በሚያዝያ ወር፥ በስድስት ሰዓት ወደ አንድ የቈርቈሮ ቤት የገባ ሰው ነገሩ ቅብጠት እንዳልሆነ ወዲያው ያስተውላል። የቤቱ እመቤት እንኳ በዚያ ሰዓት በውስጥ አትገኝም፤ የምትለቅመውን እህል ይዛ ከግድግዳው ጥላ ሥር ወይም ከዋንዛው በታች ተቀምጣለች። ከፀሓይ ለመሸሸግ የተሠራ ቤት ባለቤቱን ወደ ደጅ ካስወጣ፥ ቤቱ ከሥራው ግማሹን ትቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የወራቱን ነገር ማስታወስ ያሻል። የአውሮፓ ሰዎች ስለ ቤት ማቀዝቀዝ የሚጨነቁት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያው ወራት የማንኩሳ ሰው ምድጃ ከብቦ እሳት ይሞቃል። ስለዚህ የእነርሱን ምክር እንዳለ ገልብጦ የሚያመጣ ሰው የሚስተው ወሩን ብቻ አይደለም።

የቀድሞው ጎጆ ቤት አሠራር ለሁሉ የታወቀ ቢሆንም፥ ሙቀትን እንዴት ይከለክል እንደ ነበረ ያስተዋለው ሰው ብዙ አይደለም። በመካከል ምሰሶ ይቆማል፤ ዙሪያው በቋሚና በማገር ይታጠራል፤ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ይመረጋል፤ ጣራውም ከታች ጀምሮ እስከ ጉልላቱ ድረስ በሣር ይከደናል። ይህ ሣር ሲደራረብ ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ይሆናል። አገዳው ባዶ ስለ ሆነ በውስጡ አየር ይይዛል፤ በአገዳና በአገዳ መካከልም እንዲሁ አየር ይያዛል። የተያዘ አየር ሙቀትን በቶሎ አያሳልፍም። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ እሳት ሆኖ አይደለም፤ በፈትሉ መካከል የተያዘው አየር የገላን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከለክለው ነው። የሣር ክዳንም ለቤቱ እንደ ጋቢ ነበረ። ሌሊት የምድጃውን ሙቀት ያስቀር የነበረው ያው ክዳን፥ ቀን የፀሓይን ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይመልስ ነበር። የላይኛው ሣር ፀሓይ መትቶት ሲግል የታችኛው ቀዝቅዞ ይቈያል። የጭቃው ግድግዳም በሌሊት የጠጣውን ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ድረስ ቀስ እያለ ይሰጣል።

ይህን ሲሉ ግን ያለፈውን ሁሉ ማመስገን እውነት አይሆንም። ጎጆ ቤት ጨለማ ነበረ፤ ጢሱ የእናቶችን ዓይን ያጠፋ ነበር፤ ክዳኑ በየጥቂቱ ዓመት ካልታደሰ ያፈስሳል። እሳት ከአንዱ ጎጆ የተነሣ እንደ ሆነ ነፋስ ካገዘው መንደሩን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ሣሩ ራሱ እየጠፋ ነው። ሰንበሌጥ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ ታርሶ እህል ተዘርቶበታል፤ የቀረውም ለከብት አልበቃም። በደቦ ተሰብስቦ ቤት የሚከድን ጎረምሳም እንደ ቀድሞው በቀላል አይገኝም። ስለዚህ ገበሬው በቆሎውን ወይም በርበሬውን ሸጦ ቈርቈሮ ሲገዛ፥ ለታይታ ብቻ ነው ብሎ የሚነቅፈው ሰው፥ በሐምሌ ሌሊት ፍሳሽ ለመቀበል እንስራ ሲያዘዋውር ያላደረ መሆን አለበት። ለታይታም ቢሆን ነውር የለበትም።

ቈርቈሮ ግን ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የእንግሊዝ መሐንዲስ የሆነው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1829 ዓ. ም. የባለቤትነት መብት ያወጣበት፥ በሎንዶን ወደብ ሥራ ላይ ሳለ ነው፤ በመጀመሪያም የከደነው የወደቡን የዕቃ መጠለያ ነው። እንግዲህ ነገሩ በመሠረቱ ለበርሜልና ለጆንያ የታሰበ ክዳን ነው። ቀላል ነው፤ በእንስሳ ጀርባ ይጫናል፤ ዝናም አያሳልፍም፤ እሳት አይበላውም። የምድር ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከተማይቱ እየተስፋፋች ስትሄድ ክዳኗ ቈርቈሮ ሆነ። በዚያ ዘመን በደንብ የተሠራ የቈርቈሮ ቤት ግን ብቻውን ቈርቈሮ አልነበረም፤ በዙሪያው በረንዳ፥ በውስጡም የእንጨት ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ነበረው። ቈርቈሮው ከከተማ ወደ ገጠር ሲወርድ በረንዳውና ኮርኒሱ በመንገድ ቀሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቈርቈሮ ከደጅ ይታያል፥ ኮርኒስ ግን የሚታየው ለገባ እንግዳ ብቻ ነው። በገጠር የሰው ቤት በቈርቈሮው ቍጥር ይጠራል፤ የሃምሳ ቈርቈሮ ቤት፥ የሰማንያ ቈርቈሮ ቤት ይባላል። የዚህን ያህል ኮርኒስ ያለው ቤት ሲባል የሰማ የለም።

በብዛት የሚሸጠው ቈርቈሮ በጌጅ ይለያል፤ የጌጁ ቍጥር በጨመረ መጠን ብረቱ ይሳሳል፤ ገዢውም ዋጋው ስለሚቀንስለት ብዙ ጊዜ ስሱን ይመርጣል። ለሙቀት ነገር ግን ወፍራሙም ስሱም ያው ነው። ብረት ሙቀትን በቅጽበት ያሳልፋል፤ በውስጡ የተያዘ አየር የለውምና። በጠራ ሰማይ ቀን የቈርቈሮው ግለት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የደጁ አየር ግን በዚያው ሰዓት ከ30 እምብዛም አይርቅም። የጋለው ቈርቈሮ እንደ ምጣድ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ያንጸባርቃል። በቤት ውስጥ ያለውን ሰው የሚያስጨንቀው አየሩ ብቻ ሳይሆን ይህ ከላይ የሚወርደው ግለት ነው። መስኮት ሲከፈት ሙቀቱ የማይለቀውም ስለዚህ ነው።

ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቈርቈሮ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ለቅቆ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ የተኙት ሰዎች እስትንፋስ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ማለዳም ያንጠባጥባል። ባላገሩ ይህን «ቈርቈሮው አላበው» ይለዋል። አንዱ ቤት በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አገር ሆነ ማለት ነው፤ በቀትር ቈላ፥ በሌሊት ውርጭ።

ይህ ነገር በሁሉ ላይ እኩል አይደርስም። አራሹ ቀን በእርሻው ላይ ነው፤ ነጋዴውም በገበያ ነው። በቈርቈሮው ሥር የሚውሉት ከቤት መውጣት የማይችሉት ናቸው፤ እነርሱም አራስና ሕፃን፥ ሽማግሌና በሽተኛ ናቸው። አራስ ነፋስ እንዳይነካት ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋባታል፤ በሣር ክዳን ዘመን ይህ ልማድ ጕዳቱ የጎላ አልነበረም፤ በሚያዝያ ቀትር በባዶ ቈርቈሮ ሥር ግን እናቲቱንም ሕፃኑንም ውሃ ያስጠማል። ሌላም አለ። በዚህ አገር ወባ አለ፤ ከክረምት መውጫ በተጨማሪ በግንቦትና በሰኔ ይነሣል። በጤና ሠራተኛ ብርታት ለየቤቱ የታደለው አጎበር በተሰቀለበት ሲቀር፥ ሰዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ «ይሞቃል» ማለታቸው የተለመደ ነው። ቀኑን ሙሉ የታመቀው ሙቀት እስከ ምሽት ካልወጣ፥ አጎበሩን ጥሎ በር ከፍቶ የሚተኛውን ሰው መውቀስ ይቀላል።

ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቈርቈሮ ክፍል ውስጥ ከስድሳ የማያንሱ ልጆች ተቀምጠው በሰባትና በስምንት ሰዓት ሒሳብ እንዲማሩ ይጠበቃል፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚዘጋጅበትም ወራት ይኸው የሙቀቱ ወራት ነው። ልጁ ሲያንቀላፋ መምህሩ ስንፍና ይለዋል።

የአየሩ ጠባይ ደግሞ በቀድሞው ላይ አልቈመም። የኢትዮጵያ የሙቀት መጠን ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ባለው ጊዜ በአማካይ 1.3 ዲግሪ ያህል መጨመሩ በልኬት ታውቋል። ጭማሪው ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሣሩ ከወረደበትና ቈርቈሮው ከወጣበት ዘመን ጋር ስለ ገጠመ፥ ከውጭ አንድ የጨመረው በውስጥ ብዙ ሆኖ ይሰማል።

ቤቱ ለብርድ ተሠርቶ ሙቀት የመጣበት የጎጃም ሰው ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ. ም. ክረምት በአውሮፓ ጽኑ ሙቀት ወርዶ ከ70000 የሚበልጡ ሰዎች እንደ ሞቱበት የመረመሩ ሊቃውንት ገምተዋል፤ ከእነዚህም 15000 የሚያህሉት የፈረንሳይ ሰዎች ነበሩ። በኋላ በተደረገው ምርመራ አደጋው ከበረታባቸው ሰዎች መካከል ከጣራ በታች ባለው በመጨረሻው ደርብ የሚተኙት መሆናቸው ተገለጠ። የፓሪስ ከተማ ጣራ በብዛት በዚንክ ብረት የተከደነ ነው፤ ለቈርቈሮ የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የዚንክ ክዳን ሠራተኞቿ ሙያም በኅዳር 2017 ዓ. ም. በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ውበቱ የተመሰከረለት ጣራ ሥሩ ላደረ ሰው ምን እንደሚሆን በ1995 ታይቶ ነበር። በእንግሊዝ አገርም በሐምሌ 2014 ዓ. ም. ሙቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ፥ ሙቀት እንዲያስቀሩ የተሠሩት ቤቶች የታዘዙትን አድርገው ሙቀቱን አስቀሩት።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የሚደርስበት ሐሳብ ለብርድ የሚበጅ ቤት ለሙቀት አይበጅም የሚል ነው። ይህ ግን ስሕተት ነው። የሣር ክዳኑ ምስክር ነው፤ ከብርድም ከሙቀትም በአንድነት ይጠብቅ ነበር። በሰውና በብረቱ መካከል አየር የያዘ ነገር ካለ ቀን ግለቱ ወደ ታች አይወርድም፥ ሌሊትም የቤቱ ሙቀት ወደ ላይ አያመልጥም። ስለዚህ የማንኩሳ ሰው ወደ ሣሩ እንዲመለስ መምከር አያስፈልግም፤ ቢመከርም ሣሩ የለም። የጎደለው ነገር ከቈርቈሮው ሥር ያለው ነው፤ እርሱም ኮርኒስ ነው።

ኮርኒስ ሲባል የግድ ከከተማ የሚመጣ ቺፑድ ማለት አይደለም። በአቅራቢያው ባለው በአዊ አገር ቀርከሃ ይበቅላል፤ ተሰንጥቆ እንደ ሰሌን የተሠራ ቀርከሃ ከማገር ጋር ታስሮ ከላዩ ጭቃ በስሱ ቢመረግበት፥ ቅዝቃዜም ሙቀትም ይከለክላል፤ ከእሳትም ይጠበቃል። በገጠር ብዙ ሰው የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ ይወጥራል። ይህ ከምንም ይሻላል፤ የቈርቈሮውን ግለት ከሰው ፊት ይጋርዳልና። ነገር ግን ጆንያው የላስቲክ ዘር ስለ ሆነ እሳት ሲነካው እየነደደ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ምድጃ ባለበት ክፍል ሊወጠር አይገባውም። በጠቅላላው ማድ ቤቱ ለብቻው ካልተሠራ ኮርኒስ ማሰብ ከንቱ ነው፤ ጢሱ መውጫ አጥቶ ከሰው ጋር ይቀራልና። ሌላው ክስ የአይጥ ነገር ነው። በኮርኒስና በቈርቈሮ መካከል አይጥ ሌሊቱን ፈረስ ይጋልባል ተብሎ ኮርኒስ ያስነቀለ ሰው አይጠፋም። ክሱ እውነት ነው። በቤቱ በሁለቱ ጫፍ ከኮርኒሱ በላይ የአየር መተላለፊያ መተው የግድ ስለ ሆነ፥ ያ ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ቢሸፈን አየሩ ያልፋል፥ አይጡ ይቀራል፤ ድመትም ብትጨመር አይጠላም። ቀዳዳውን ፈጽሞ የደፈነ ሰው ግን በጣራው ሥር የጋለውን አየር አስሮ አስቀመጠው፤ ኮርኒሱም ቀስ በቀስ ይግላል።

ከኮርኒሱ ቀጥሎ ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ነገር የመስኮት አከፋፈት ነው። በቀትር ሲሞቅ መስኮት መክፈት የሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ደጁ ከውስጡ የሚሞቅ ከሆነ ግን የሚገባው ሙቀት ነው። በጎጃም ወይና ደጋ የበጋ ቀንና ሌሊት ልዩነት ከ10 ዲግሪ ይበልጣል፤ ይህም ሌሎች አገሮች በገንዘብ የማያገኙት ሀብት ነው። ማታና ማለዳ ከፍቶ የጭቃውን ግድግዳ ማቀዝቀዝ፥ ከረፋድ ጀምሮ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ዘግቶ ያን ቅዝቃዜ መጠበቅ ነው። ሌሊት መስኮት መክፈት ሌባና ትንኝ ያስገባል የሚለው ፍርሃት ተገቢ ነው፤ ፍርግርግና ወንፊት ሽቦ ሁለቱንም ይከለክላሉ።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ሳይነገር አያልፍም። አሁን አሁን ኢጋ የሚባለው ባለ ቀለም ቈርቈሮ ብዙ ወዳጅ አግኝቷል፤ ከሁሉ የሚወደደውም ጠቈር ያለው ቀይና ሰማያዊ ነው። ጠቈር ያለ ቀለም ፀሓይን ይጠጣል። ነጩ ግን ብርሃኑን ይመልሳል፤ የተቀበለውንም ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቅቃል። ያልተቀባው አዲስ ቈርቈሮ በማብለጭለጩ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ የጠጣውን ሙቀት በመልቀቅ ግን ነጩን አያክልም፤ ሲዝግ ደግሞ ይብስበታል። በሕንድ አገር በአሕመዳባድ ከተማ በግንቦት 2002 ዓ. ም. በወረደው ሙቀት ከ1300 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ የከተማው አስተዳደር በ2005 ዓ. ም. የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣ፤ በኋላም የድሆችን ጣራ በነጭ ማስቀባት ከሥራው አንዱ ሆነ። ለማንኩሳ ነጭ ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ የሌሊቱን ብርድ አይመልስምና። ኮርኒስ ለመሥራት አቅም ያነሰው ሰው ግን ከዚህ ቢጀምር ይጠቀማል። ኢጋ የሚገዛም ሰው ለተመሳሳይ ጣራ ቀለሙን ፈካ ያለ ቢመርጥ ብዙ ያተርፋል።

ጥላ ለመትከል ባሕር ዛፍ የሚመርጡ ሰዎች ቅር እንዳይሰኙ እንጂ፥ ባሕር ዛፍ ቁመት እንጂ ጥላ የለውም፤ ከቤት አጠገብም ሲሆን ነፋስ ጥሎት ጣራ ይሰብራል። ዋንዛና ብሳና የአገሩ ዛፎች ናቸው። በቤቱ ምዕራብ በኩል የተተከለ ዋንዛ ከሰዓት በኋላ ያለውን የጎን ፀሓይ ይከለክላል፤ ይህችም ፀሓይ ከሁሉ ይልቅ ግድግዳ የምታግል ናት።

የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ መግዛት ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። መብራት በደረሰበትና በማይቋረጥበት ከተማ ላለው ባለጸጋ ይሆን ይሆናል። ለቀረው ሕዝብ ግን ከላይ እየጋለ ያለውን ምጣድ ሳያወርዱ ከታች ማራገብ ነው።

የመንግሥት ቤቶች ነገር ከግለሰብ ቤት ይለያል። ገበሬው ቈርቈሮውን ሲገዛ የሚያማክረው መሐንዲስ የለውም፤ የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ሥራ ግን ንድፍ አለው፥ ተቈጣጣሪም አለው። የሕዝብ መዋጮ ተሰብስቦ አራት ክፍል ሲሠራ ገንዘቡ ያነሰ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚሰረዘው ኮርኒስ ነው፤ «በሚመጣው ዓመት ይሠራል» ተብሎ ይፈረማል፤ የሚመጣው ዓመት ግን አይመጣም። አራት ክፍል ያለ ኮርኒስ ከመሥራት ሦስት ክፍል ከነኮርኒሱ መሥራት ይሻል እንደ ሆነ ወላጆች ይጠየቁ። መልሱ ቀላል አይደለም፤ አራተኛው ክፍል ካልተሠራ ከዛፍ ሥር የሚቀሩ ልጆች አሉና። ነገር ግን ጥያቄው ፈጽሞ ሳይነሣ ነው የሚታለፈው። የጤና ኬላው መድኃኒት ደግሞ በመያዣው ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ጽሑፍ ከባዶ ቈርቈሮ ሥር ሲነበብ ምን ማለት እንደ ሆነ ንድፉን የሚያጸድቀው ሰው ሊያስብበት ይገባዋል።

ለግለሰቡም ቢሆን ሒሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰማንያ ቈርቈሮ ያሰበ ሰው በሰባው ቢወሰን፥ በቀረው ገንዘብ ቢያንስ የመኝታው ክፍል ኮርኒስ ሊሠራለት ይችላል። ጊዜውም የታወቀ ነው። በምዕራብ ጎጃም ቤት የሚሠራው እህል ከተሰበሰበ በኋላ፥ በጥርና በየካቲት ነው፤ አናጢው በዚያን ጊዜ መሰላሉን ተክሎ፥ ምስማሩን በአፉ ይዞ ከጣራው ላይ ነው። ቈርቈሮው ተመትቶ አልቆ መሰላሉን ከነቀለና ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ቤት ከሄደ በኋላ እርሱን መልሶ ማግኘት ለሌላ በጋ ይቀጠራል።